ውርጭ ሲጠብቅ የኖረ ዳሌ

አውሬው ከተቀመጠበት ሲነሳ እንዴት አድርጎ ነበር የሚነሳው?

ዶክተር ሆረስ ትሪንደር ይህን ጥያቄ ይዞ ይተኛል፣ ይዞት ይነሳል፤ መልስ ግን የለውም። እንደ እንሽላሊት ሆዱን መሬት እያስታከከ ይሳብ ነበር? ወይስ እንደ በሬ እግሮቹን ከሥሩ ሰብስቦ ብድግ ይል ነበር? አውሬውን ራሱን እንዳይጠይቅ፣ ከሞተ ስፍር ቁጥር የሌለው ዘመን አልፎታል። የተረፈው ነገር ቢኖር ከኔተርስቶን መንደር የድንጋይ ካባዎች አልፎ አልፎ የሚወጣ፣ ድንጋይ የሆነ አጥንት ነው፤ አንድ ቀን ጥርስ፣ ሌላ ቀን የጎድን ቁራጭ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ምን እንደሆነ እግዜር ብቻ የሚያውቀው ጉማጅ። «ዳይኖሰር» የሚለው ስም ያኔ ገና አልወጣም። የለንደን ሊቃውንት «ታላቁ እንሽላሊት» ይሉታል። መንደርተኛው «የዶክተሩ ከብት» ይለዋል።

ሆረስ የዚያው መንደር ልጅ ነው። አባቱ የጣራ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሮ ሲፈልጥ የሞተ ሰው ነበር። ልጁ ግን ኤድንብራ ሄዶ ሕክምና ተማረ፤ ከዚያም ፓሪስ ተሻግሮ የእንስሳት አጥንት ሲቆጥር ከረመ። ሲሄድ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን ልጅ ነበር። ሲመለስ እንቁላል እንኳ አገላብጦ ሳያይ የማይበላ ሰው ሆኖ መጣ።

«አማኝ ልጅ ልኬ ተጠራጣሪ መለሱልኝ» ትላለች ቤቱን የምትይዝለት አክስቱ ዶርካስ። «ጨው በዛበት ወይ ብዬ ስጠይቀው ‹ከምን ጋር ሲተያይ?› ይለኛል።»

ጥርጣሬው ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ቦታ ላይ አርፎ ነበር፤ ወገብ ላይ። ፓሪስ የቆጠራቸው አጥንቶች አንድ ነገር አስተምረውታል። እንሽላሊት አከርካሪዋ ዳሌዋ ጋ ሲደርስ ሁለት አንጓ ብቻ ነው ከዳሌዋ ጋር የሚጋጠመው፤ ስለዚህ ሆዷን ትጎትታለች። ክብደታቸውን በእግራቸው ላይ ተሸክመው የሚቆሙት ግን፣ በሬም ሰውም፣ እዚያ ቦታ ላይ አምስት አንጓ ተጣብቆ አንድ አጥንት ሆኖላቸዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ ጥያቄ ወርዶ ወርዶ አንድ ቁጥር ሆነ፦ ሁለት ወይስ አምስት?

መጥፎው ነገር ሆረስ አጥንቱን ሳያይ መልሱን መናገሩ ነው። አንድ ቀን ከካባ የወጣ ትልቅ የጭን አጥንት አቅፎ ሲያገላብጥ ልቡ ሞቀና፣ ለለንደኑ የሊቃውንት ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ፦ «እንስሳው ተሳቢ አልነበረም፤ ቆሞ ይሄድ ነበር። ዳሌው አምስት አንጓ አለው።» በዕድሜው ሳያጣራ የተናገራት ነገር ይህች ብቻ ነበረች፤ እሷንም በጽሑፍ ተናገራት። የማኅበሩ ጸሐፊ በአንድ መስመር መለሰ፦ «አጥንቱን ይላኩልን።»

አጥንቱ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆረስ የሞተውን እስኪያገኝ የቆመውን ማጥናት ያዘ። በሬ ሲነሳ፣ ፈረስ ሲነሳ፣ ሰው ሲነሳ ቆሞ ያያል። ይህ ደግሞ በትንሽ መንደር ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነገር አይደለም።

«ጆሮዬን አሞኝ ብሄድ ‹እስቲ ዙር› አለኝ» አለ አንድ ምሽት ጆብ ኦሊፍ፣ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ቢራውን እንደያዘ። ጆብ የካባው ሰዎች አለቃ ነው፤ ስሙም በነሱ አገር አጠራር የመጽሐፉ ኢዮብ ስም ነው።

«ዞርክ?»

«ዞርኩ እንጂ፤ ሐኪም አይደለም? ‹አሁን ቁጭ በል፣ አሁን ተነስ› አለኝ። ደግሞ ቁጭ፣ ደግሞ ተነስ። ወገቤን በሁለት እጁ ይዞ በፈረንሳይኛ ያጉረመርማል።»

«ጆሮህስ?»

«ጆሮዬማ ፈርቶ በራሱ ዳነ።»

ነገሩ ከመጠጥ ቤት አልፎ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። የመንደሩ ቄስ፣ አባ ኦድሊ፣ በሩ ሲገቡ መጀመሪያ ሆዳቸው፣ ቀጥሎ ሰላምታቸው፣ በመጨረሻ እሳቸው የሚገቡ ሰው ናቸው። በጸሎት መሀል ከመቀመጫቸው ሲነሱ ወንበሩ ይጮኻል፣ መቅረዙ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ሁሉ ከአክብሮት የተነሳ ዓይኑን ይሰብራል። ሆረስ ብቻ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ሆረስ» አሉት አንድ እሑድ በሩ ላይ ይዘው፣ «ሰው ወደ መሠዊያው ያያል። አንተ ወዴት ነው የምታየው?»

«ሲነሱ እያየሁ ነው፣ አባቴ።»

«እሱን ነው እኮ የምልህ!»

«እርስዎ ላይ ከማንም ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ክብደቱ በወገብ አልፎ ወደ እግር ሲወርድ...»

«ክብደቱ?»

«የማንኛውም ሰው ክብደት፣ አባቴ።»

አባ ኦድሊ ለአውሬው የራሳቸው መልስ ነበራቸው፤ የሳቸው መልስ ደግሞ አጥንት አይፈልግም። «‹በሆድህ ትሄዳለህ› ተብሎ ተጽፏል» ይላሉ። «እንሽላሊት የእባብ ዘመድ ነው። ታላቅ እንሽላሊት ከሆነ ደግሞ እርግማኑም ታላቅ ነው። ይሳብ ነበር፤ አለቀ። ሁለት አንጓ ካገኘህ ንገረኝ፣ ደወል አስደውላለሁ።»

«አምስት ካገኘሁስ?»

«ያኔ ስብከት እቀይራለሁ። አታገኝም ግን።»

በመከር ወራት ጆብ ካባው ውስጥ የሕፃን አልጋ የሚያህል ድንጋይ አወጣ። ከጎኑ ቡናማ ነገር ብቅ ብሏል። ሆረስን አስጠሩት፤ መጣ፣ ተንበረከከ፣ አጥንት ከሆነ ምላስ ይይዛልና ቡናማውን በምላሱ ነካው፣ ከዚያም ባርኔጣውን አውልቆ ድንጋዩ ላይ አለበሰው።

«ዳሌው ነው፣ ጆብ። ወገቡ እዚህ ውስጥ ነው።»

«እንግዲህ መዶሻ ላምጣ?»

«እንዳትነካው!»

ባለፈው ዓመት በመሮና በመዶሻ ሌላ አጥንት ሊያወጣ ሞክሮ፣ የወጣው ድመት የጣለችው ሳህን ይመስል ነበር። ይህን ድንጋይ በትክክል የሚከፍተው አንድ ብቻ እንደሆነ ማንኛውም የኔተርስቶን ሰው ያውቃል፤ እሱም ውርጭ ነው። የመንደሩ ኑሮ የቆመው በዚያ ላይ ነው። ድንጋዩ ከመሬት ሲወጣ እርጥብ ነው፤ ያ እርጥበቱ ሳይደርቅ አፈር አልብሰው ይጠብቁታል። ውርጭ የመጣ ቀን አፈሩን ገፍፈው ውኃ ያጠጡታል። ውኃው በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ በረዶ ሲሆን፣ ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይከፈታል፤ ገጹ ተከርክሞ፣ ተበስቶ፣ ጣራ ይሆናል። ውርጭ ሳያገኘው አንዴ ከደረቀ ግን ያ ድንጋይ ሞተ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይከፍተውም።

ስለዚህ የሆረስ ድንጋይ ኮረብታው ላይ ከሌሎቹ ጎን አፈር ለብሶ ተቀመጠ። ፓሪስ የተማረው ሊቅ እንደ አባቱ፣ እንደ አያቱ ቁጭ ብሎ ብርድ መጠበቅ ጀመረ።

ያ ክረምት ደግሞ ክረምት መሆን አልፈለገም። ገና ሲደርስ ዶርካስ በር ላይ ጽጌረዳ አበበ። ንቦች ወጥተው ተገርመው ተመለሱ። የአካባቢው መንደሮች ሁሉ ፀሐይ እየሞቁ ሲያመሰግኑ፣ ኔተርስቶን ብቻ ለብርድ ጸለየ። አባ ኦድሊ የካባው ሢሶ የቤተ ክርስቲያን ነውና ከልባቸው ነበር የሚጸልዩት፦ «አቤቱ፣ ሙቀትህ በዛብን።» በዚያ ያለፈ መንገደኛ ሰምቶ ባርኔጣውን እንኳ ሳያነሳ ሄደ ይባላል።

ሆረስ በየቀኑ ኮረብታውን ይወጣል። አፈሩን በጣቱ ወግቶ እርጥበቱን ያያል፣ በባልዲ ያጠጣል፣ ጆንያ ደርቦ ያለብሳል።

«ለሚስት ብታደርገው ኖሮ ዛሬ ልጆች ነበሩህ» ትለዋለች ዶርካስ።

«ከደረቀ አለቀልኝ፣ አክስቴ። ለንደን ዋሾ ይሉኛል።»

«ለንደን ማንን ያውቃል ብለህ ነው? እኛ እዚህ ዋሾ ስንልህ አልሞትክ።»

በመጨረሻ በጥር አንድ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ ጸሎት ላይ፣ ነገሩ ተለወጠ። ጆብ ኦሊፍ እንደ አባቶቹ ልማድ የረጠበ ጨርቅ የመቃብሩ አጥር ላይ ሰቅሎ ነበር የገባው፤ ጨርቁ እንደ እንጨት ከተገተረ ውርጭ መጣ ማለት ነው። አባ ኦድሊ የስብከቱ ሰገነት ላይ ወጥተው ስለ ትዕግሥት ይሰብካሉ። ጆብ በየጊዜው ጎንበስ ብሎ ይወጣል፣ ጨርቁን ይዳስሳል፣ ጎንበስ ብሎ ይመለሳል።

«...ኢዮብ ታገሠ» አሉ አባ ኦድሊ ዓይናቸውን እሱ ላይ ተክለው፤ «ያኛው ኢዮብ ማለቴ ነው።»

ምእመናኑ ሳቁ። ጆብ ግን እንደገና ወጣ፤ በዚህኛው አልተመለሰም። አፍታ ሳይቆይ ደወሉ ከላያቸው ፈነዳ።

ሳቅም ስብከትም እዚያው ቆመ። የውርጭ ደወል ሲመታ ሙሽራም ቢሆን ሙሽሪትን ትቶ ይሮጣል። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ ወንዶች አግዳሚ ወንበር ዘለሉ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ረስተው ሲሮጡ ታዩ። ሆረስም መጽሐፉን ጣለና በሩ ላይ ደረሰ። ብርዱ አፍንጫውን ሲነክሰው በደስታ ሊጮኽ ምንም አልቀረው።

«ትሪንደር!»

ዞረ። አባ ኦድሊ የሰገነቱ ደረጃ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሳቸውም ድንጋይ ኮረብታው ላይ ነበርና ሊሮጡ ሲሉ የመጨረሻዋን ደረጃ ስተዋታል። እግራቸው ግራና ቀኝ ተንፈራጥጦ፣ እጃቸው ወለሉን ተደግፎ፣ አገጫቸው ወደ ላይ ቀና ብሎ ነበር።

ሆረስ ወደ ኮረብታው አየ። ፋኖሶች ሽቅብ እየሮጡ ነው። ውርጩ ደጋግሞ ላይመጣ ይችላል፤ አፈር እንደለበሰ ካመለጠው ለሚቀጥለው ክረምት እርጥበት አይኖረውም። ወደ ቄሱ አየ።

«አባቴ፣ ትንሽ መታገስ አይችሉም?»

«ስለ ትዕግሥት ሰብኬ ጨርሻለሁ! ወገቤን!»

ሆረስ ተመለሰ። እየተመለሰም፣ ከራሱ እንኳ ተደብቆ፣ ደስ አለው፤ እነሆ ሁለት ዓመት ከሩቅ ሲያየው ለነበረው ወገብ በሐኪምነት ተጠራ። ዳሰሰው፤ የተሰበረ የለም። ጅማት ብቻ ነው የተሳበው።

«ይነሱ እስቲ።»

አባ ኦድሊ እግራቸውን እንዳንፈራጠጡ በእጃቸው ወለሉን ገፉ። ሆዳቸው ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ዘፍ አለ። እንደገና ገፉ፤ አሁን ጭራሽ ወደ ፊት ተንሸራተቱ።

«ይቅርታዎን አባቴ፣ አንዴ ይድገሙልኝ?»

«ለምን?»

«በትክክል እንደ እንሽላሊት ነው ያደረጉት።»

«ሆረስ ትሪንደር!»

«አሁን ደግሞ እግርዎን ከሥርዎ ያስገቡ። አንዱን... አዎ። ሌላውን። ክብደትዎን ወደ ወገብዎ ይልቀቁት፤ ወገብዎ አምስት አንጓ ተጣብቆበታል፣ አይከዳዎትም። አሁን!»

ቄሱ አቃሰቱ፣ መላእክትን ጠሩ፣ ተነሱ። ሆረስ ትከሻቸውን ደግፎ ፊቱ በርቶ ያያቸው ነበር፤ ድኩላ እንዳየ አዳኝ።

«ይኸው! ክብደት ያለው ነገር ተንፈራጥጦ አይነሳም! ያ አውሬ ከእርስዎ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ እግሩ ከሥሩ ካልቆመ...»

«ከኔ ስንት እጥፍ?»

«አሥር፣ አሥራ አምስትም ይሆናል፣ አባቴ» አለ ሆረስ፣ አጽናንቶ የሚናገር እየመሰለው።

ቤታቸው አድርሶ ወገባቸውን አሸቶ፣ በሙቅ ጨርቅ አስሮ ሲጨርስ ውጭ የረገጡት ሁሉ እንደ መስታወት ይሰበራል። የቄሱ ሠራተኛ «ጌታዬ ቢብስባቸውስ» ብላ ይዛ አሳደረችው። ቢሄድ ኖሮም እግሩ ምናልባት መቃብሩ አጥር ጋ ይሰበር ነበር። ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ ድንጋዩን ሲያስብ አደረ፤ ከጎኑ ደግሞ አባ ኦድሊ እንደ ካባ ጋሪ እያንኮራፉ።

ረፋዱ ላይ ኮረብታውን ሲወጣ ከሩቅ የሰማው የከርካሚዎች መዶሻ ነበር፤ ጣ ጣ ጣ፣ እንደ ዝናብ። ፀሐይ የነካችው ድንጋይ ሁሉ እየተከፈተ ነው። የሱን ድንጋይ የሚያውቅበት ቦታ ደረሰ። ቦታው ባዶ ነው።

«ዶክተር!» አለ ጆብ ከክምሩ ኋላ ብቅ ብሎ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ እየሳቀ። «ለቄሱ ብለህ እንደቀረህ ሰማን። ‹የዶክተሩ ድንጋይ ውኃ ሳያገኝ አይደር› ብለን ከራሳችን በፊት ያንተን አጠጣነው። እንዴት እንደተከፈተ ብታይ! እንደ ጸሎት መጽሐፍ!»

«እግዜር ይስጥህ ጆብ፤ የታለ?»

«ይኸው ከርክሜ ከርክሜ ጨርሼልህ!»

 ጆብ ሲሰጥ እንጂ ሲያጠፋ አልነበረም። የተከፈተ ድንጋይ ፊቱ ሲያይ የጆብ እጅ ጭንቅላቱን ሳይጠይቅ ይሠራል፤ ጠርዙን ይመታል፣ ጎኑን ያቃናል፣ ራሱ ላይ የችንካር ቀዳዳ ይበሳል፣ በመጠኑ ወደ ክምሩ ይወረውራል። አባቱም እንደዚያ ነበር። የሆረስም አባት እንደዚያ ነበር።

«አጥንት ነበረበት፣ ጆብ።»

ጆብ መዶሻውን አየ። ከዚያ ክምሩን አየ። ሳቁ ቀስ እያለ ወረደ።

«ቡናማ ጉብታ ነበረበት» አለ። «...አስተካከልኩልህ።»

«ጆብ!»

«የአሳማህ ቤት ጣራ ያፈሳል ብዬ እኮ ነው!»

ካባው ሁሉ ሥራ አቆመ። ፈላጊው በዛ፤ ክምሩ ደግሞ ከፈላጊው በዛ። ጆብ ያስታወሰው ይህን ብቻ ነው፤ ቡናማው ያለበትን ገጽ ለሁለት ከፍሎ ሁለት የጣራ ድንጋይ አውጥቶበታል፣ ሁለቱም «ወንደላጤ» የሚሉት መጠን ናቸው። ወንደላጤዎቹ ተራ በተራ ተገለበጡ። በመጨረሻ አንዱ ተገኘ። ሆረስ በእጅጌው ጠረገው፤ ውርጩ አጥንቱን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ፣ የሠዓሊ እጅ የማይሠራውን ሠርቶ ነበር። አንጓዎቹ ተጣብቀው፣ መጋጠሚያቸው እንደ ጠባሳ ብቻ ይታያል። አንድ። ሁለት። ከሁለተኛው ቀጥሎ የጆብ መዶሻ ያለፈበት ጠርዝ።

ሁለት።

«ሁለት ነው?» አለ ጆብ በተስፋ። «ጥሩ ነው አይደል?»

ቀሪው ድንጋይ የለም። ሆረስ ኮቱን አውልቆ ፍርካሹ ክምር ውስጥ ገባ። በጉልበቱና በክርኑ፣ ሆዱን መሬት እያስታከከ፣ ቡናማ ነጥብ ሲፈልግ ዋለ። ዶርካስ ለጆብና ለሰዎቹ ጠዋት ቢራ አምጥታ ነበርና፣ አሁን ማሰሮዎቹን ልትሰበስብ ስትመጣ ከላይ ቆማ አየችው።

«ምንህ ጠፋ?»

«ማስረጃዬ፣ አክስቴ።»

«እንዲህ ተንፈራጥጠህ አታገኘውም። ና ብላ።»

ወሬ እንደሆነ ከሰው በፊት ቤት ይገባል። በማግስቱ ረፋድ ላይ አባ ኦድሊ በከዘራ ተደግፈው፣ ወገባቸውን እንደታሰሩ፣ ፊታቸው እንደ ሰርገኛ በርቶ ደረሱ። ዶርካስ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ወንበሩ ጮኸ።

«ሁለት ሆነ አሉ» አሉ።

«ሁለቱ ነው የተገኘው፣ አባቴ። ቀሪው ጠፍቶ ነው።»

«ቀሪው መኖሩን በምን አወቅህ? ተጠራጣሪው አንተ አይደለህም እንዴ? ያየኸውን ብቻ ተናገር።»

 ሆረስን ያመመው ቄሱ ልክ መሆናቸው ነበር። ለለንደን ሁለት ቢልክ ራሱን ዋሾ ብሎ ላከ፤ ዝም ቢል ያው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን አንዲት ድንጋይ እያሻሸ፣ ፓሪስ ባይሄድ ኖሮ ዛሬ እንደ ጆብ ከርክሞ፣ በስቶ፣ ሳይጨነቅ ይኖር እንደነበረ አሰበ። ደግሞ ተጠራጠረው።

«ዳቦ አለ አባቴ» አለች ዶርካስ። «የአሳማ ሞራ ይቀቡበት፤ ማሰሮው እጅዎ ሥር ነው።»

አባ ኦድሊ በሞራ ተለምነው እንቢ ብለው አያውቁም። የማሰሮውን ክዳን አነሱ፣ ቢላዋውን አጠለቁ፣ ዳቦውን በደንብ ቀቡ፣ ጎረሱ። ክዳኑን ሊመልሱ ሲሉ ግን እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ክዳኑ የጣራ ድንጋይ ነው። በሥሩ ያለውን ገጽ ወደ ራሳቸው አዙረው አዩ፤ በአውራ ጣታቸው ሞራውን ጠረጉ። ማኘክ አቆሙ።

ሆረስ ከጠረጴዛው ማዶ ያያቸው ነበር። ቄሱ ክዳኑን ማሰሮው ላይ መለሱት። ወደ መስኮቱ አዩ። ዳቦውን ዋጡ፤ ዋጥ ለማድረግ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ እጃቸው በራሱ የሚሄድ ይመስል ክዳኑን እንደገና አነሱ።

«ትሪንደር» አሉ፣ ከሰገነት ላይ ተሰምቶ በማያውቅ ትንሽ ድምፅ። «ይህ ክዳን አከርካሪ አለው።»

ሆረስ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። ሁለቱን ድንጋዮች ጠርዝ ለጠርዝ አጋጠማቸው፤ ገጠሙ። ሦስተኛው አንጓ ከሁለተኛው ተጣብቋል። አራተኛው። አምስተኛው። ከአምስተኛው በኋላ አጥንቱ በሥርዓት፣ በተፈጥሮው ያልቃል። አምስተኛው መሀል ላይ ደግሞ የጆብ የችንካር ቀዳዳ ክብ ሆኖ ተበስቷል።

«አክስቴ! ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ጆብ ነዋ የሰጠኝ፤ ቢራ ሳመጣለት። ‹ለማሰሮሽ ክዳን› ብሎ።»

«ትናንት ቀኑን ሙሉ ስፈልግ አይተሽኝ የለም?»

«ማስረጃዬ ጠፋ አልከኝ እንጂ ክዳን ጠፋ መቼ አልከኝ?»

አባ ኦድሊ ከዘራቸውን ተደገፉ፣ እግራቸውን ከሥራቸው አስገቡ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፤ ሳያቃስቱም ተነሱ። ሆረስ ማየቱን አይተው በዚህኛው አልተቆጡም።

«እሺ፤ ቆሟል» አሉ። «ከእርግማኑ በፊት የነበረ ይሆናል። እሑድ ስብከት እቀይራለሁ። አንተ ግን ደብዳቤውን ሳላይ እንዳትልክ።»

ሆረስ ጻፈ። አንጓዎቹን አንድ በአንድ ሣለ፣ መጋጠሚያቸውን ለካ፣ ክብደት ያለው አካል እግሩ ከሥሩ ካልሆነ እንደማይነሳ አስረዳ፣ እንዲህም ብሎ ጨመረ፦ «ይህን በአካባቢያችን በሚገኝ አንድ ከባድ ሰው ላይ በዓይኔ አረጋግጫለሁ።» አባ ኦድሊ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና እዚያ ሲደርሱ ቆሙ።

«ከባድ?»

«ስም አልጠቀስኩም፣ አባቴ።»

«በአካባቢያችን ሌላ ማን አለ? ‹ግዙፍ› በል።»

«ግዙፍ» ብሎ አረመው። በግርጌው ደግሞ ጆብ ከኋላው ቆሞ አለቅም ስላለው ይህን ጻፈ፦ «አምስተኛው አንጓ ላይ ያለው ቀዳዳ የእንስሳው አይደለም፤ የኛ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።» ሁለቱን ድንጋዮች በገለባ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስገቡ። የሞራው ሽታ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ጋሪው ሣጥኑን ጭኖ የኦክስፎርድን መንገድ ይዞ ሲወርድ ግማሹ መንደር ወጥቶ ሸኘው።

ፀደይ መጣ። ሆረስ የፖስታ ጋሪ በመጣ ቁጥር በር ላይ ይቆማል። መንደርተኛው «ለንደን ምን አለ?» ማለት ለሰላምታ አደረገው። ጽጌረዳው ዳግመኛ አበበ፣ መከር ደረሰ፣ አዲስ ድንጋይ ወጥቶ አፈር ለበሰ።

«ምናልባት አላመኑኝም» አለ አንድ ማታ።

«‹ግዙፍ› የሚለው አስቀይሟቸው ይሆናል» አሉ አባ ኦድሊ።

ዶርካስ የሞራውን ማሰሮ በሳህን ከደነችና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እናንተ ደግሞ ነገር ታከብዳላችሁ» አለች። «ተከርክሞ፣ ተበስቶ፣ አልቆ የደረሰ የጣራ ድንጋይ ነው የላክንላቸው። ጣራቸው ላይ ሰቅለውት ይሆናላ።»